በር ላይ የሚቆም ታፔላ፦ ጅማ ውስጥ ስታንድ ከማሰራታችሁ በፊት

ይሄን ምጽፈው ጅማ ውስጥ ቁርስ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ ፀጉር ቤት ምናምን ለምትከፍቱ ሰዎች ነው። ሰሞኑን ሁለት ወንድማማቾች ቆጪ በኩል ቁርስ ቤት ሊከፍቱ ቤት ተከራይተው፣ ቀለም ቀብተው ጨርሰው፣ በያጅ ጋር ሄደው ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ስታንድ አዘው ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ነው "የት ብናቆመው ይሻላል?" ብለው የደወሉልኝ። ቁጭ ብለን ስናወራ ጥያቄው ሰፋ፣ ማዘጋጃን ማስፈቀድ አለብን ወይ፣ ይከፈልበታል ወይ፣ በምን ቋንቋ ይጻፍ፣ ደንብ አስከባሪ ከወሰደብን ምን እናደርጋለን፣ እና ያኔ የነገርኳቸውን ነው አሁን ሰብሰብ አድርጌ የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ግድግዳ ላይ የተመታውን ወይም ሲሚንቶ ተሞልቶለት የተተከለውን ታፔላ አይደለም፣ ጠዋት አውጥታችሁ ማታ የምታስገቡትን ነው። እንደ መሰላል ሁለት ፊት ሆኖ የሚከፈተው የላሜራ ስታንድ፣ በጠመኔ የዛሬ ምግብ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ፣ ተስቦ የሚወጣው ሮል አፕ ባነር፣ ጎማ ያለው፣ ውስጡ መብራት የሚበራ ላይት ቦክስ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደግፎ የሚቀመጠው "ፎቶ ኮፒ አለ" የሚል ካርቶንም ሳይቀር።

ብዙ ሰው ጋ ያለው ሀሳብ "ይሄ እኮ አልተተከለም፣ ማታ ይገባል፣ ስለዚህ ፈቃድ ምናምን አይጠይቅም" የሚል ነው። ትክክል አይደለም። አገር አቀፉ ህግ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ነው፣ እና አዋጁ የውጭ ማስታወቂያ ሲል ትልልቅ ቢልቦርድ ብቻ ማለቱ አይደለም፣ ባነር፣ ፖስተር፣ ስቲከር፣ በራሪ ወረቀት፣ ህንጻ ላይና መኪና ላይ የሚለጠፍ፣ ፊኛ፣ በድምጽ ማጉያ የሚነገረውም ጭምር ብሎ ዘርዝሮ መጨረሻ ላይ ሌሎች ተመሳሳይ መንገዶችንም ይጨምራል። ስለዚህ መተከል አለመተከሉ አይደለም ነገሩ፣ ውጭ ላይ ሆኖ ለአላፊ አግዳሚው ንግዳችሁን የሚናገር ከሆነ ውስጡ ናችሁ። ባጃጅ ጀርባ ላይ የምታስለጥፉት ማስታወቂያም፣ በር ላይ ሞንታርቦ አውጥታችሁ "ቅናሽ ቅናሽ" የምታስብሉትም ያው ነው።

አዋጁ ግን የሚያወራው ጠቅላላውን ነው። እናንተ በር ላይ የትኛው ጥግ ይቁም፣ ስንት በስንት ይሁን፣ በዓመት ስንት ይከፈልበት የሚለው ወደ ክልልና ወደ ከተማ የሚወርድ ነገር ነው፣ ምክንያቱም መንገዱን የሚያስተዳድረው ከተማው ነው። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችሁ "እኛ ጋ እንዲህ ነው" ብሎ የነገራችሁ ጅማ ላይ የማይሰራው። ጅማ ውስጥም ቢሆን ከዚህ በፊት የሚያስኬደው አሁን ላያስኬድ ይችላል፣ ኮሪደር ልማት ከገባ ወዲህ ዋና ዋና መንገዶች ላይ የህንጻ ገጽታና የእግረኛ መንገድ ጉዳይ ጠበቅ ብሏል፣ "ጎረቤቴ ሶስት ዓመት ሙሉ አቁሞ ማንም አልነካውም" ማለት ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብዙ ጠብ የሚነሳበትም እሱ ነው። የእግረኛው መንገድ የናንተ አይደለም። ይሄ ሲነገር ቀላል ይመስላል ግን ሰው ቤት ሲከራይ ከበሩ እስከ አስፋልት ያለውን ሁሉ አብሮ የተከራየ ይመስለዋል፣ አከራዩም አንዳንዴ "ፊት ለፊቱን ተጠቀምበት" ይላል፣ የራሱ ያልሆነውን። ካርታው ላይ ያለውን ወሰን አሳየን በሉት። እዚሁ ጅማ የመርካቶን የድሮ ባለ በረንዳ ቤቶች ብታዩ በረንዳው አንዳንዱ ጋ የቤቱ አካል ነው፣ አንዳንዱ ጋ ሰው ሁሉ ከዝናብ ተጠልሎ የሚያልፍበት መተላለፊያ ሆኗል። በግቢው ወሰን ውስጥ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ የሚቆም ስታንድ እና የህዝብ መንገድ ላይ የሚቆም ስታንድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የባለቤቱን ፈቃድና የማስታወቂያ ፈቃዱን ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ግን ከዚያ ሁሉ በላይ ከተማው መንገዱን እንድትጠቀሙበት መፍቀድ አለበት፣ ላይፈቅድም ይችላል።

ለምን ይሄን ያህል እንደማጠብቀው ልንገራችሁ። እኔ ጁስ ቤት ነበረኝ፣ አራት ዓመት ሰራሁበት፣ በሬ ላይ ባለ ሁለት ፊት የላሜራ ስታንድ ነበረኝ፣ ቱቦላሬ እግር፣ ከላይ በማጠፊያ የተያያዘ፣ ከታች ባዶ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት፣ ደብተር የያዘ፣ ነጭ በትሩን ግራና ቀኝ እያደረገ በጣም በልበ ሙሉነት እየሄደ ነበር። በትሩ በስታንዱ ሁለት እግሮች መሃል ገባ። ምንም አልነካም፣ አየር ነው የነካው። መንገዱ ክፍት ነው ብሎ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል ግንባሩ የላሜራውን ጥግ መታ። ሮጬ ወጣሁ፣ በሶፍት ያዝኩለት፣ ደሙ ብዙ አልነበረም ግን ቅንድቡ ላይ ነው። "ምንድነው የመታኝ?" አለኝ። ታፔላ ነው አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ "ምን ይላል?" አለኝ። "ትኩስ የአቮካዶ ጁስ" ይላል ብዬ አነበብኩለት። እስካሁን ያቺን ጥያቄ አልረሳትም።

በዚያ ሳምንት በያጁ ጋር ወስጄ ከታች በአራቱም በኩል መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው አግዳሚ ብረት አስበየድኩበት፣ ጥጎቹን አስከረከምኩ፣ ቦታውንም ከመንገዱ አንስቼ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ፣ በትሩ የሚያውቀው መሬት አጠገብ ያለውን ነው። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ደረጃ ይሄን በቁጥር አስቀምጦታል፣ የታችኛው ጠርዙ ከመሬት ከ68 ሴንቲሜትር አካባቢ በላይ የሆነ ነገር በበትር አይታወቅም ይላል። በእግር ላይ የቆመ ሰሌዳ፣ ከታች ባዶ የሆነ ስታንድ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። እኛ አገርም ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች፣ ስምምነቱ መንገድን ጨምሮ ተደራሽነትን መብት ያደርጋል። እና ስታንድ የምታሰሩ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ከታች አግዳሚ አስገቡበት። የሚጨመረው አንድ ዘንግ ብረት ነው።

ሌላው ገንዘብ የሚያስከፍለው ነገር ይሄ ነው። ታፔላችሁ ሰው ቢጎዳ "ማዘጋጃ ፈቅዶልኛል" ማለት ከካሳ አያድንም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 ላይ በጥፋቱ ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው መካስ አለበት የሚል አለ። በንፋስ ወድቆ የቆመ ሞተር ሳይክል መስታወት ቢሰብር፣ ህጻን ላይ ቢወድቅ፣ እንዴት አቆምከው፣ በምን አሰርከው ተብላችሁ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

እሺ፣ ስንት ሜትር ይተው? ሜትር ይዛችሁ ውጡና ከግድግዳችሁ እስከ መንገዱ ጠርዝ ለኩ። ከዚያ ቀንሱ፣ የመብራት ምሰሶ ካለ ቀንሱ፣ የበራችሁ ደረጃ የወጣበትን ቀንሱ፣ ክዳን የሌለው ቱቦ ካለ እሱንም፣ ሁሌ ሞተር የሚቆምበት ካለ እሱንም። የቀረው ነው ሰው በእውነት የሚሄድበት። እኔ ለሰው የምመክረው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ሆኖ ካልቀረ ስታንድ አታውጡ ነው። ለምሳሌ የቀረው ሁለት ሜትር ነው እንበል፣ ስታንዱ ሲከፈት 60 ሴንቲ ይይዛል፣ የሚተርፈው አንድ ሜትር ከአርባ ነው፣ አልበቃም፣ ግድግዳ ላይ የሚመታ አሰሩ።

አንድ ሜትር ተኩል ከየት መጣ? ዊልቸር ራሱ 65፣ 70 ሴንቲ ይሆናል፣ እጁ ጎማውን ሲገፋ ደግሞ ይሰፋል፣ ከፊት የሚመጣ ሰው ጎኑን ሳይነካው እንዲያልፍ ከተፈለገ ከዚያ ያነሰ አይበቃም። አሜሪካኖቹ ዝቅተኛ ብለው ያስቀመጡት 91 ሴንቲ ተኩል ነው፣ ያ ግን አንድ ዊልቸር ብቻውን የሚያልፍበት ነው፣ እንግሊዞች እግረኛ መንገድ ላይ ሁለት ሜትር ነው የሚመክሩት። ኤዲንብራ የምትባለው የስኮትላንድ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ መንገድ ላይ የሚቆሙትን ታፔላዎች ከነጭራሹ ከለከለች፣ ነጋዴው ጮኸ፣ ዓይነ ስውራንና አቅመ ደካሞች ደግሞ መንገዳችን ተመለሰልን አሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ መከልከሉን አልደግፍም፣ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ያለች ቁርስ ቤት ያለ ታፔላ ማን ያያታል፣ ግን ነገሩ ልጓም አጥቶ ከቀጠለ ወደዛ ነው የሚሄደው፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲያወጣ አንድ ቀን ሁሉም ይነሳል።

ጅማን ደግሞ በጅማ ልክ አስቡት። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው፣ መንገዱ ላይ ያለው ሰው እንደ ማክሰኞው አይደለም። ቡና የሚደርስበት ወቅት ላይ 60 ኪሎ ጆንያ ጀርባው ላይ ያደረገ ተሸካሚ አንገቱ ጎንበስ ብሎ የሚያየው እግሩ ስር ያለችውን መሬት ብቻ ነው፣ ስታንዳችሁን የሚያየው ሲጋጨው ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ሁሉም ጃንጥላ ዘርግቶ ነው የሚሄደው፣ አንድ ሰው የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል። እና ሰው ማለፊያ ሲያጣ የት ይሄዳል? አስፋልት ላይ ይወርዳል፣ ከባጃጅ ጋር። ልጅ ያዘለች ሴት በናንተ "ዛሬ ፍርፍር አለ" ምክንያት አስፋልት ላይ ስትወርድ አንድ ቀን ቆማችሁ እዩ፣ ከዚያ በኋላ ሜትሩን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ።

የት ቦታ ለሚለው፣ አንደኛ ምርጫ በራሳችሁ ወሰን ውስጥ። ሁለተኛ፣ ከተማው ከፈቀደ፣ ከመብራት ምሰሶዎቹ ጋር በአንድ መስመር፣ ምክንያቱም ሰው እዛ መስመር ላይ እንቅፋት እንዳለ ለምዶታል። መሃል ላይ በጭራሽ። መታጠፊያ ጥግ ላይም እንዳታቆሙ፣ የባጃጅ ሹፌር ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ አንድ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ከኋላው የሚመጣ ህጻንን ሙሉ በሙሉ ይሸፍንበታል። ያቺ ጭረትና ነጥብ ያላት ለዓይነ ስውራን የምትነጠፍ ንጣፍ ባለችበት ቦታ ደግሞ ንጣፏ ላይም አጠገቧም ምንም አይቀመጥም፣ ቢጫ ስለሆነች ታምራለች ብላችሁ የስታንድ ማስጌጫ አታድርጓት። እና አንዴ የመረጣችሁትን ቦታ በየቀኑ አትቀያይሩ፣ መንገዱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው አለ።

ወደ ወረቀቱ እንሂድ። ስታንዱን ከማሰራታችሁ በፊት ማዘጋጃ ሂዱ፣ ከማሰራታችሁ በፊት ነው የምላችሁ፣ ከተሰራ በኋላ "ትንሽ አሳንሱት" ከተባላችሁ ብረቱም የበያጁም ሂሳብ ሄደ ማለት ነው። ስትሄዱ የንግድ ፈቃዳችሁን ኮፒ፣ የኪራይ ውሉን፣ የስታንዱን ንድፍ ከነልኩና ከነጽሁፉ፣ የበራችሁን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎቶው ላይ የት እንደሚቆም ምልክት አድርጉበት። ፎቶ ይዞ የሄደ ሰው ብዙ አይመላለስም፣ ባለሙያውም በቃል ከሚገምት አይቶ ይወስናል። እዛ ስትደርሱ ደግሞ እነዚህን ጠይቁ፣ ክፍያው በካሬ ሜትር ነው ወይስ በቁጥር? ሁለት ፊት ያለው እንደ አንድ ነው ወይስ እንደ ሁለት የሚቆጠረው? 60 በ100 ሴንቲ የሆነ ሰሌዳ 0.6 ካሬ ነው፣ በሁለት ፊት ከተቆጠረ 1.2 ይሆናል፣ እጥፍ ማለት ነው። ፈቃዱ እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው? ጽሁፉን ብቀይር እንደገና ላስፈቅድ ነው ወይ? የመጨረሻዋ በተለይ በጠመኔ ለምትጽፉ ወሳኝ ናት፣ ሰሌዳው ሲፈቀድ "የዕለት ዝርዝር ይጻፍበታል" ተብሎ ወረቀቱ ላይ ይስፈር። ስትከፍሉ ህጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ደረሰኙንና የፈቃዱን ኮፒ ሱቅ ውስጥ አስቀምጡት፣ እናንተ በሌላችሁበት ሰራተኛችሁ ማሳየት እንዲችል።

ጽሁፉ ላይም ህግ አለ። ኦሮሚያ ውስጥ የስራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፣ ስለዚህ አፋን ኦሮሞው ከላይ ይሁን፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ከፈለጋችሁ ከታች። እና እባካችሁ በስልክ አስተርጉማችሁ ብቻ አታሳትሙ፣ በቁቤ አንድ ፊደል መደገምና አለመደገም ትርጉም ይቀይራል፣ በደንብ የሚጽፍ ሰው ያንብብላችሁ፣ ከተማው ውስጥ ሞልቷል። ስማችሁም ንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ዋጋ ከጻፋችሁ ያ ዋጋ ነው የምትሸጡት፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ በግልጽ መለጠፍን ግዴታ ያደርጋል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ጠዋት "ሽሮ በዚህ ዋጋ" ብላችሁ ጽፋችሁ ደንበኛው በልቶ ሲነሳ "እሱ የትናንቱ ነው፣ አላጠፋነውም" ማለት አይሰራም። የማስታወቂያ አዋጁም እንዲሁ የሌላውን ነጋዴ እያጣጣሉ ራስን ማወደስን አይወድም፣ "ከጎረቤት ይሻላል" ምናምን እንዳትሉ። ሲጋራ ደግሞ ጭራሽ ነው፣ በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆን ማስታወቂያ ከልክሏል፣ ሱቅ ያላችሁ ሰዎች የሲጋራ ስም ያለበት ሰሌዳ በነጻ ቢሰጣችሁም አታውጡት።

ከተወሰደባችሁስ? መጀመሪያ መንገድ ላይ ክርክር አትግጠሙ፣ ስታንዱን ይዞ መጓተት ሰው ላይ መውደቅ ያመጣል። ወረቀታችሁን አሳዩ፣ ካልተቀበሉ የት እንደሚወሰድና በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ በዛው ቀን ቢሮ ሂዱ። ፈቃድ እያላችሁ ከሆነ የተወሰደው ቅሬታችሁን በጽሁፍ አስገቡና የገባበትን ቁጥር ያዙ። ፈቃድ ሳይኖራችሁ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱን በደረሰኝ ከፍላችሁ፣ ወደ ድሮ ቦታው ከመመለሳችሁ በፊት ፈቃዱን ጨርሱ፣ በሳምንቱ ያው ነገር እንዳይደገም።

አሰራሩን በተመለከተ፣ በያጁን ከባዱን ብረት ከታች፣ ቀላሉን ከላይ አድርግልኝ በሉት፣ ሁለቱ ፊቶች ከሚገባው በላይ እንዳይከፈቱ መሃል ላይ አጭር ሰንሰለት ያስገባበት። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙ ባያልፍ ደስ ይለኛል፣ ረጅም ሲሆን ንፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል። ሮል አፕ ባነር ደግሞ የአዳራሽ እቃ ነው፣ ውጭ ላይ የመጀመሪያው የከሰዓት ንፋስ ይዞት ይሄዳል። ላይት ቦክስ ያላችሁ፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ኤክስቴንሽን በእግረኛ መንገድ ላይ አትዘርጉ፣ ሰውን ይጥላል፣ መጋጠሚያው ውሃ ከገባበት ደግሞ ብረቱ ራሱ ሰው ይይዛል።

ከወንድማማቾቹ ጋር አብሬ በያጁ ጋ ሄድኩ። ሁለት ሜትሩ ገና አልተቆረጠም ነበር፣ ቱቦላሬው ብቻ ነው የተገዛው። 60 በ90 አደረግነው፣ ከታች አግዳሚ ገባበት፣ የተረፈው ብረት ደግሞ ግድግዳ ላይ ለምትመታ ትንሽ ታፔላ በቃ። በራቸው ላይ ለክተን አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት ነው ለሰው የተረፈው። አሁን ፎቶውን ይዘው ማዘጋጃ ሄደዋል፣ ስታንዱ ውስጥ ተጣጥፎ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል፣ ወረቀቱ እስኪመጣ።